«አብሽር» ብቻውን ጥርስ አያስነቅልም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ እየተመላለሰ ይደርሰኛል። መጀመሪያ እህቴ ላከችልኝ። ቀጥሎ የሥራ ባልደረባዬ። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ በር አንኳኩቶ «ይቺን አይተሃታል?» አለኝ።

ጸሐፊው የድሬ ልጅ ነው። የጻፈው ጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ስለሚፈሩ አዋቂዎች ነው። ላላያችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ትልቅ ሰው ጥርስ ሐኪም መፍራቱ ነውር ነው ይላል። ማረጋጊያ የሚባለው ሁሉ ሰውን ማስተኛት ነው፣ የተኛ ደግሞ ላይነቃ ይችላል ይላል። የድድ መርፌ እያለ ሌላው ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ይላል። በጣም የፈራ ከፋርማሲ ዲያዜፓም የሚባለውን የማረጋጊያ ክኒን ገዝቶ ቤቱ ውጦ ይሂድ፣ አለዚያ ትንሽ ጫት ቅሞ ይድፈር ይላል። ይህም ካልሆነ አዲስ አበባ ሄዶ በሙሉ ሰመመን ሁሉንም ጥርሱን ባንድ ቀን ይገላገል ብሎ ይጨርሳል። መሀል ላይ እሱም የሚያመው ጥርስ እንዳለውና በቅርንፉድ እያስታገሰ ዓመታት እንዳሳለፈ ነግሮናል። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጎረቤቴ ጽሑፉን ወደ እኔ ያመጣው በሁለት ምክንያት ነው። ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ ራስጌው ቆሜ ትንፋሹን፣ የልቡን ምትና የደም ግፊቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ምክንያት ትንሽ ያሳፍራል። እኔ ራሴ ጥርስ ሐኪም እፈራለሁ። የተቦረቦረ መንጋጋ ጥርሴን ይዤ አራት ዓመት ዞሬያለሁ። ሁለት ጊዜ ክሊኒክ በር ድረስ ሄጄ «ሰው በዝቷል» ብዬ ተመልሻለሁ። አንደኛው ጊዜ ወረፋ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም።

ድሬ ላይ «አንቱ» መባባል ብዙም ስለማናውቅበት ጸሐፊውን «አንተ» እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ስለ ነውሩ። የሚፈራ ሰው ልብ የለውም ብለሃል። «አብሽር» ብሎ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ነው ብለሃል። አብሽርን እኔም እወዳታለሁ። ድሬ ላይ ገንዘብ የጠፋበትም፣ ፈተና የወደቀም፣ የሚወዳት ልጅ የተዳረችበትም አብሽር ይባላል፣ ትንሽም ቢሆን ይቀለዋል። ጉጠት ያየ ሰው ላይ ግን አትሠራም። ሞክሬያታለሁ።

ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ልጅ ሆኜ ታናሽ ወንድሜ ግግ ሲወጣለት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ጩኸቱ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። (ግግ ማስወጣት ጎጂ ልማድ መሆኑን አሁን ሁሉም ሰው ያወቀ ይመስለኛል። ያላወቀ ካለ ይወቅ።) ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የራሴ ተራ ደረሰ። መርፌው ሳይዝ ጀመሩ። ሁለት ሰው ትከሻዬን ይዞኝ ጥርሴ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የክሊኒክ ሽታ ሲሸተኝ መዳፌ ያልበኛል። ልብ ማጣት ነው ካልክ በል። ሰውነቴ ያስታወሰው ግን የደረሰበትን ነው።

ደግሞ ፍርሃት ይለካል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አጭር መጠይቅ አለ፣ አምስት ጥያቄ ብቻ። ነገ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብትቀጠር፣ ወረፋ ብትጠብቅ፣ ጥርስህ በማሽን ሊቦረቦር ቢል፣ ሊታጠብ ቢል፣ ድድህ መርፌ ሊወጋ ቢል ምን ያህል ትጨነቃለህ ይልሃል። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ትሰጣለህ። ድምሩ 19 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ከባድ ፍርሃት ነው። የእኔ 21 መጣ። በየቀኑ መርፌ የምይዝ ሰው ነኝ እኮ!

ሰመመን የሚባለው ሙያ ሲጀመርም ጥርስ ሐኪሞች ትልቅ እጅ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1844 መጨረሻ ሆራስ ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ ጥርስ ሐኪም ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ አንድ ትርኢት ሊያይ ገባ። ሰው «የሳቅ ጋዝ» የሚባለውን እየሳበ የሚስቅበት ትርኢት ነው። ጋዙን የሳበ አንድ ሰው እግሩን ክፉኛ ተጋጭቶ ምንም ሳይሰማው ሲቀር አየ። በማግሥቱ ዌልስ ራሱ ጋዙን ስቦ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1846፣ ቦስተን ውስጥ ኤተርን ለቀዶ ሕክምና በሰው ፊት ሰጥቶ ያሳየው ዊልያም ሞርተንም ጥርስ ሐኪም ነበር። ባቡር ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እና ጥርስ መነቀል የሚያስፈራው ሰው «የዘመኑ ቅምጥል» ነው ስትል፣ ከባቡሩ በፊት ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው የምትነግረን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብህ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አጎትህን ምስክር አድርገሃል። «ተኝቼ ነው የተነቀልኩት፣ ምንም አላውቅም» ብሎሃል። አንተም ከዚያ ተነስተህ ማረጋጊያ ማለት ማስተኛት ነው ብለህ ደመደምክ። አጎትህ አልዋሸም። ግን ተኝቶ ላይሆንም ይችላል።

ሦስት ነገሮች ተደባልቀውብሃል። ማደንዘዣ ድድ ላይ የሚወጋው ነው። ቦታውን ያደነዝዛል፣ አንተ ግን ነቅተህ ሁሉን ታያለህ። ማረጋጊያ ጭንቀቱን ያወርድልሃል። ሲያናግሩህ ትመልሳለህ፣ አፍ ክፈት ሲሉህ ትከፍታለህ፣ የምትተነፍሰውም ራስህ ነህ። ሙሉ ሰመመን ላይ ቢጠሩህም ቢወጉህም አትነቃም። ትንፋሽህን የሚጠብቅልህ ሌላ ሰው ነው።

ከድሬ ወደ ሐረር የምትሄድ አድርገህ አስበው። መነኸሪያ ስትሳፈር ሙሉ በሙሉ ንቁ ነህ። ደንገጎን ስትወጣ ቀለል ያለ ማረጋጊያ ነው፣ ዘና ብለህ ታወራለህ። ሐረማያ መካከለኛው ነው። ዓይንህ ይከደናል፣ ስትጠራ ግን ትመልሳለህ። አወዳይ ጥልቁ ነው። ሐረር ሙሉ ሰመመን ነው። አሁን ደንገጎ ላይ የወረደ ሰው ሐረር ገብቷል ይባላል? አንተ ያልከው ይህንን ነው። አወዳይ ቆሞ ሐረር ልግባ ላለ ሰው ግን መንገዱ ትንሽ ነው። ለጥርስ ሐኪም ወንበር ብዙውን ጊዜ የሚበቃው ከሐረማያ ወዲህ ያለው ነው።

መንገዱ ላይ አንድ አደጋ አለ፣ እሱን አልደብቅህም። መኪናው ያሰብክበት ላይ ላይቆም ይችላል። ለአንዱ ደንገጎ የሚያደርሰው መጠን ሌላውን አወዳይ ይጥለዋል። ስለዚህ በሙያችን አንድ ሕግ አለን። ሐረማያ ላደርስህ ያሰብኩ ሰው፣ አወዳይ ብትደርስብኝ የምመልስበትን መያዝ አለብኝ። ኦክስጅን፣ በእጅ የሚታመቅ መተንፈሻ ከረጢት፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ፣ የደም ግፊት መለኪያ ማለቴ ነው። ከዕቃው በላይ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ጥርስ የሚነቅለው ሰው ዓይኑ ጥርሱ ላይ ነው። ትንፋሽህን የሚያይ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት።

መንገዶቹን ላሳይህ። የመጀመሪያው ያው የዌልስ ጋዝ ነው፣ ናይትረስ ኦክሳይድ። ዛሬ እንደዚያ ዘመን በከረጢት አይሳብም። አፍንጫ ላይ የምትደረግ ትንሽ ጭምብል አለች። ማሽኑ ከጋዙ ጋር ሁልጊዜ ቢያንስ 30 በመቶ ኦክስጅን እንዲያስገባ ሆኖ የተሠራ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ነው ያለው። በጥቂት ደቂቃ እጅና እግርህ ሞቅ ይልሃል፣ ሐሳብህ ራቅ ይላል። ሲያልቅ ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ትስባለህ፣ ብዙም ሳትቆይ ራስህን ሆነህ ትነሣለህ። ለሁሉም አይሆንም። አፍንጫው ለታፈነ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ ላለች ነፍሰ ጡር፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ላለበት አይሰጥም።

ሁለተኛው ክኒን ነው። እሱን አራተኛው ነጥብህ ላይ እመጣበታለሁ፣ ተዘጋጅ።

ሦስተኛው በደም ሥር የሚሰጠው ነው። ብዙውን ጊዜ ሚዳዞላም ነው። ጥቂት በጥቂት ነው የሚሰጠው። ትንሽ ይሰጥሃል፣ ይጠበቃል፣ ታይተህ ደግሞ ትንሽ ይጨመራል። ይህ መድኃኒት አንድ ጠባይ አለው። የሆነውን እንዳትይዝ ያደርግሃል። በሰዓቱ ስታወራ፣ ስትታዘዝ፣ አፍህን ስትከፍት ቆይተህ በኋላ ምንም አታስታውስም። አጎትህ «ተኝቼ ነበር» ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን ብትጠይቀው ምናልባት ስለ ቀፊራ ገበያ የቲማቲም ዋጋ ሲያወጋው እንደነበር ይነግርህ ይሆናል።

መጠኑ ከበዛ ትንፋሽ ያደክማል፣ እውነት ነው። ማርከሻ ግን አለው፣ ፍሉማዜኒል ይባላል። ማርከሻው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል የተሰጠው ሰው «ነቃሁ» ብሎ ወዲያው አይሄድም፣ እዚያው ይጠበቃል።

ስጋትህን አላጣጥለውም። እንግሊዝ አገር ድሮ በየጥርስ ክሊኒኩ ሙሉ ሰመመን ይሰጥ ነበር። ሰው ሞተ። ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ለጥርስ ሙሉ ሰመመን የሚሰጠው ሆስፒታል ውስጥ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ልብ በልልኝ፣ የከለከሉት ሐረር መግባትን ነው። ደንገጎንና ሐረማያን አልከለከሉም። ያ ታሪክ ስለ ቦታውና ስለ ሰጪው ጠይቅ ነው የሚልህ።

ሦስተኛው ነጥብህ አጭር መልስ ነው ያለው። መርፌው ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ተስማምቻለሁ። ማረጋጊያ የወሰደ ሰውም መርፌው አይቀርለትም፣ ፍርሃትን እንጂ ሕመምን ስለማያጠፋ። ግን መርፌውን ራሱን የሚፈራ ሰው አለ። ለሱ መጀመሪያ ድዱ ላይ የሚያደነዝዝ ጄል ተቀብቶ፣ ከዚያ መርፌው ቀስ ተብሎ ቢገባ ግማሹ ጣጣ ያልቃል። «እኔን መርፌ አይዘኝም» የሚለውም ሁሌ ሰበበኛ አይደለም። መግል የያዘ ቦታ አሲድ ይበዛዋል፣ ማደንዘዣው እዚያ አቅም ያንሰዋል። አዋቂ ሐኪም ራቅ ካለ ቦታ ነርቩን ያደነዝዛል፣ ወይም መጀመሪያ መግሉን ያስወጣል። እኔን በዘጠኝ ዓመቴ ይህን ያደረገልኝ አልነበረም።

አራተኛው ነጥብ። ወላሂ፣ መልስ እንድጽፍ ያስነሣኝ ይህ ነው።

በሁለተኛው ነጥብህ ላይ፣ ባለሙያ ፊት፣ ኦክስጅን አጠገብ፣ በመለኪያ የሚሰጠው መድኃኒት ይገድላል አልክ። በአራተኛው ላይ የዚያኑ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ቤትህ ብቻህን ዋጠው አልክ። ዲያዜፓምና ሚዳዞላም እኮ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ይህን እንዴት አድርገህ አንድ ገጽ ላይ እንዳስቀመጥከው አልገባኝም።

ጎረቤቴ በሬን ያንኳኳው ለምን እንደሆነ ላውጋህ። ቅዳሜ ጥርሱን ሊያስነቅል ቀጠሮ ይዟል። ያንተን ምክር አንብቦ ሁለት ክኒን ሊውጥ አስቧል። ከዚያ በገዛ ባጃጁ ከሳቢያን ከዚራ ሊነዳ። መንገደኛ ካገኘም «እግረ መንገዴን እጭናለሁ» ብሎኛል። ቆጣቢ ሰው ነው።

ዲያዜፓም ቶሎ አይለቅም። የዋጥከው ግማሹ ከደምህ እስኪወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። «ሰውነቴ ሰላም ነው» ብሎ መሪ የያዘ ሰው እጁ ግን ዘግይቶ ነው የሚታዘዘው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ብቻህን የዋጥከውን ሐኪሙ ካላወቀ ሌላ ይደርብብሃል። ለወገብህ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነ፣ ወይም ማታ አረቄ ቢጤ ካለችበት፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ትንፋሽህን ያደክሙታል። ሌሊት ክፉኛ የሚያንኮራፋና መሀል ላይ ትንፋሹ ቁርጥ የሚልበት ሰው ያለ ሐኪም ጭራሽ ሊነካው አይገባም። የመስማማት ጉዳይም አለ። ክኒን ውጠህ፣ ፈዘህ ክሊኒክ ብትደርስ «ይነቀል ወይስ ይሞላ?» ተብለህ የምትሰጠው መልስ መልስ አይደለም። ያ ውይይት ከመድኃኒቱ በፊት ነው የሚያልቀው።

ክኒኑ ራሱ ግን መጥፎ ነገር አይደለም። ሐኪም መዝኖህ፣ ዕድሜህን አይቶ፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ጠይቆ ያዘዘልህ እንደሆነ ጥሩ መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል። የሚሸኝህ ሰው ይኖራል። ያን ቀንና ሌሊቱን አትነዳም፣ ስለት አትይዝም፣ የመሬት ሽያጭ ውል አትፈርምም። የመጨረሻውን የጨመርኩት ከልምድ ነው፣ ዝርዝሩን ተዉኝ።

ጎረቤቴ ባጃጁን አቁሞ እንዲሄድ ተስማምተናል። ክኒኑም ቀርቷል።

አሁን ጫት። እዚህ ላይ እንደ መምህር ልናገር አልፈልግም፣ ራሴ በርጫ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ግን «ትንሽ ቅሞ ይድፈር» ያልከው የጫትን ሥራ መገልበጥ ነው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አነቃቂ ነው። ልብ ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ያወጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ ይደክማል። ከአወዳይ የሚወጣው ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ መኪናው እንደዚያ የሚከንፈውም ለዚህ ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ወሬው ደፋር ነው፣ ልቡ ግን እየጋለበ ነው። የጥርስ ማደንዘዣው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አድሬናሊን አለ፣ መድኃኒቱን ቦታው ላይ እንዲያቆየውና ደሙን እንዲቀንስ። በጫት የሚጋልብ ልብ ላይ ይህ ሲጨመር፣ ፍርሃቱ ራሱ የሚያመጣው አድሬናሊን ሲደመር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ልቡ ደረቱን ሲደልቅ ይሰማዋል። ከዚያ «መርፌው ሊገድለኝ ነበር» ብሎ ለሰፈር ያወራል። የመርፌ አለርጂ አለብኝ ከሚሉኝ ሰዎች መሀል ስንቱ ከበርጫ ተነስቶ እንደሄደ ብትሰማ ትገረማለህ።

ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርቱና ጭንቀቱ ይመጣል። ፈሪ ሰው በዚያ ሰዓት ወንበር ላይ ቢገኝ ባሰበት። ምርቃናውን በጨብሲ የሚያበርድ ካለም ስለ አረቄና ማረጋጊያ ከላይ የተናገርኩትን ይመልከት።

የእኔ ምክር ቀላል ነው። በቀጠሮው ቀን ከጠዋት ጀምሮ አትቃም፣ ቢቻል ከዋዜማውም ጀምር። ቅመህ ከሆነ ደግሞ ተናገር። ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም። ቢያንስ ግፊትህን ለክቶ ወይ ያቆይሃል፣ ወይ የሚሰጥህን ያስተካክላል። ቀኝ ወይስ ግራ ጉንጭህ ላይ እንደምታስቀምጠውም አፍህን ሲያይ ያውቀዋል፣ ስለዚህ መዋሸት ትርፍ የለውም።

አዲስ አበባ ሄዶ በሙሉ ሰመመን ሁሉንም መጨረስ የሚለው ስድስተኛው ነጥብህ ላይ ብዙ አልደክምም። ሙሉ ሰመመን የሚያስፈልገው ሰው አለ። መንጋጋው የተሰበረ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ኖሮበት ሐኪሙን መርዳት የማይችል፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነለት። ለእነዚህም ቢሆን ሰመመን ያለው ሸገር ብቻ አይደለም። ድል ጮራም ሐረር ያለው ሕይወት ፋናም ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ናቸው፣ ጥያቄው እዚያ ይጀመር። ለአንድ የሚሞላ ጥርስ ግን ሙሉ ሰመመን መውሰድ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለመጫን ሲኖትራክ መከራየት ነው። ደግሞ ተኝተህ ያለፈህ ፍርሃት እዚያው ይጠብቅሃል። በዓመቱ ሌላ ጥርስ ሲታመም ያው ከዜሮ ትጀምራለህ።

አንድ ቦታ ላይ ልክ ነህ። ሁሉም ክሊኒክ ሁሉንም አማራጭ አይዝም። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ደውል። ማረጋጊያ ትሰጣላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ። አዎ ካሉህ የትኛውን፣ ማን ነው የሚሰጠው፣ ትንፋሼንና ኦክስጅኔን የሚከታተል ሌላ ሰው አለ ወይ፣ ኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉ ነው ወይ፣ በባዶ ሆድ ልምጣ ወይስ በልቼ በል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ለመርፌ ብቻ ከሆነ በልተህ መሄድ ይሻላል፣ ረሃብና ፍርሃት ሲገናኙ ሰው ወንበሩ ላይ ራሱን ይስታል። በደም ሥር ለሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ከምግብ ተከልክለህ እንድትመጣ ይነገርሃል። ሁለቱን አትቀያይራቸው። በጥያቄህ የሚቆጣ ክሊኒክ ካገኘህ መልሱን አግኝተሃል፣ ሌላ ቦታ ደውል።

ረመዳንን ሳላነሳ ካለፍኩ እናቴም አትምረኝ። በጾም ሰዓት ክኒን መዋጥ እንዴት እንደሚታይ ለድሬ ሰው አልነግርም። ስለ መርፌውና ስለ ጋዙ ሼኹን ጠይቁ፣ የእኔ ወንበር አይደለም። በሙያዬ ልለው የምችለው ይህን ነው። በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልጠጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥርስ ወንበር ላይ ባይወጣ ጥሩ ነው። የማይጣደፍ ነገር ከሆነ ከዒድ በኋላ ይሁን። ካበጠና ትኩሳት ካመጣ ግን አይቆይም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ፣ በየትኛውም ጾም ቢሆን፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

መድኃኒት የሌለበት ማረጋጊያም አለ፣ አንተ ጨርሶ አላነሳኸውም። ያ አራት ዓመት የተሸከምኩት ጥርስ እንዴት እንደተነቀለ ላውራህ። ሐኪሟ ገና ወንበሩ ላይ ሳልወጣ ተቀምጠን አወራን። የዘጠኝ ዓመቱን ነገርኳት። አልሳቀችም። «ግራ እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ፣ ለምን አነሳህ አልልህም» አለችኝ። መጀመሪያ ቀን ጥርሴን አልነካችም፣ ጄሉን ቀብታ አሳየችኝ፣ በቃ። በሁለተኛው ቀን የሙያ ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ ሚዳዞላም በደም ሥሬ ሰጠኝ። እኔ ለሌላ ሰው ስሰጠው የኖርኩትን ማለት ነው። እጄን ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ አላስታውስም። እነሱ እንደነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቻለሁ፣ እሱም አፍንጫዬ በልቶኝ ነው።

ወደ ቤት የወሰደችኝ እህቴ ናት። ባጃጅ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ካልተገዛልኝ አልወርድም ስል ነበር አሉ። አፌ ግማሹ ደንዝዞ ጥጥ ነክሼ! ቪዲዮ ቀርጻለች። ጽሑፍህን የላከችልኝ ጊዜም ከሥሩ ያንን ቪዲዮ አያይዛ ነው።

እና ስለ ቅርንፉድህ። ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ነገር አለ፣ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ከሥር ያለውን መበስበስ ግን አያቆምም። ያንተ ጥርስ ዓመታት ተቆጥረውለታል ብለሃል። አምስቱን ጥያቄዎች ሙላቸውና ስንት እንደመጣልህ ጻፍልኝ፣ ለማንም አልናገርም። ማረጋጊያ ወስደህ ሸኚ ካስፈለገህም እኔም እዚሁ ሳቢያን ነኝ፣ ጎረቤቴም ቅዳሜ ከተነቀለ ከሰኞ ጀምሮ ባጃጁ ሥራ ይገባል። የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ። ሙሸበኩን ግን ከጠየቅክ ቀርጬ ለእህቴ ነው የምልክላት።